«በወኪል ነው የምትገባው»

መሪጌታ ፈንታሁን ሁለት ጊዜ በድሎኛል። የመጀመሪያው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ እሱን ቆይቼ እናገራለሁ። ሁለተኛው ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የጠቀስኩት ለወግ አይደለም፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ሰዓት ስለሆነ ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስሜ የሺወርቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ውክልና ነበር፤ እገሌ በእገሌ ስም እንዲሸጥ፣ እንዲከስ፣ እንዲፈርም የሚል ወረቀት። ሐሰተኛ ውክልና ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ማኅተሙን ከማየቴ በፊት ሰውየውን አጫውተው ነበር። ይጁቤ ተወልጄ አደግሁ ካለኝ የይጁቤን የገበያ ቀን እጠይቀዋለሁ። ወረቀቱ አንድ ነገር፣ አፉ ሌላ ነገር ከተናገሩ በቃ፣ ያዝኩት ማለት ነው።

አባቴ ዲማ የተማረ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ብራና ላይ በመቃ ብዕር መጻሕፍት ይገለብጣል። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ግዕዝ ማንበብ እኔን አስተማረኝ፤ ለማንም እንዳልናገር ግን አስጠነቀቀኝ። አልተናገርኩም። ያ እውቀት ከአርባ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለ አንድ ድረ ገጽ ሰማሁ። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሱ ያስቀምጡበታል። ማንበብ የምንችል ሰዎች ደግሞ በየቤታችን ሆነን ቅጠል በቅጠል እያነበብን በኮምፒውተር እንጽፈዋለን። ክፍያ የለውም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ተነብቦ ሲያልቅ ፊቱ ላይ «አንባቢ» ተብሎ ስም ይሰፍራል። እኔ በሕይወቴ ስሜ የሰፈረው የሰው መዝገብ ግርጌ ላይ ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ትታልኝ በሄደችው ኮምፒውተር ጀመርኩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አምስት አንባቢዎች ነበርን። አስተባባሪያችን መሪጌታ ፈንታሁን ነበር፤ የቅኔ መምህር ነው፤ እንግሊዝኛም ያውቃል። ሴት እኔ ብቻ ነኝ።

ጥቅምት ላይ አዲስ መጽሐፍ ደረሰኝ። የመጀመሪያውን ቅጠል ስከፍት ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። የአባቴ እጅ ነው። የ«ሐ»ን እግር እንደዚያ የሚያጎብጥ ሌላ ጸሐፊ አላውቅም። ለአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የጻፈው የመጨረሻው መጽሐፉ ነበር። ለማንም ትንፍሽ ሳልል ቀን ቀን ስሠራ ከርሜ ኅዳር ላይ ዘጠኝ ቅጠል ብቻ ቀረኝ። ማስረከቢያው ዓርብ ማታ ነበር። በቀኑ ያልተጠናቀቀ መጽሐፍ ወደ አስተባባሪው ይመለሳል፤ እሱ ይጨርሰዋል፤ የሚሰፍረውም የእሱ ስም ነው።

በዚያ ረቡዕ አምስታችንም እንደወትሮው በምንሰበሰብበት አዳራሽ ተገኝተናል። መሪጌታ ፈንታሁን ስልኩን አወጣ።

«ከድረ ገጹ መልእክት መጥቷል» አለ። ጉሮሮውን ጠረገና እየተረጎመ አነበበ። «ወይዘሮ የሺወርቅ በወኪል እየገባች መሆኗ ተደርሶበታል። ስለዚህ መግቢያዋ ታግዷል።»

ቄስ ላቀው ከጎኔ ነበሩ፤ ከእኛ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። «እንዴት ያለ ወኪል?» አሉ።

«ቃሉ ግልጽ ነው አባ። ፕሮክሲ ይላል፤ ወኪል ማለት ነው። በእሷ ስም ሌላ ሰው ይሠራል ማለት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «እኛማ ወርቁን ስናደንቅ ከርመናል። ሰሙን ማን እንደሚያቀልጥላት ነው ያላየነው።»

ስሜን ይዞ ቅኔ መቀኘቱ ነው። ሳቁ። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሲሰድብም አድናቂ አያጣም።

«መሪጌታ፣ የሚሠራልኝን ሰው ስሙን ይጥሩልኝ» አልኩት።

«እሱን የምታውቂው አንቺ!»

እኔ አንቱ፣ እሱ አንቺ። ልብ በሉልኝ።

«ዘጠኙ ቅጠልስ?»

«መግቢያሽ እስከ ዓርብ ካልተከፈተ ወደ እኔ ይመጣል። ደንብ ነው። ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰብስበን እንዘጋዋለን።»

ወጣሁ። አላለቀስኩም። ቀጥ ብዬ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው ሰብለ ሄድኩ። ሰብለ ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ሁለት ልጆች ያሳደገች፣ እጇም ምላሷም ፈጣን የሆነ ሴት ናት።

«እትዬ የሺ፣ ምን ሆነዋል? ፊትዎ ችሎት መስሏል» አለችኝ።

«ድረ ገጽ አንድን ሰው በወኪል ገባ የሚለው ምን ሲያይ ነው?»

«ፕሮክሲ ነው የሚሉት? ቁጭ ይበሉ።» መፍቻዋን አስቀመጠች። «እርስዎ ድረ ገጽ ሲከፍቱ አድራሻ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ የቤት ቁጥር ይበሉት። ፕሮክሲ ማለት መሃል የሚቆም ሌላ ኮምፒውተር ነው። እርስዎ ለእሱ ይነግሩታል፣ እሱ ሄዶ ያንኳኳል። ባለቤቱ በቀዳዳ ሲያይ የሚያየው የእሱን አድራሻ ነው።»

«ታዲያ ወኪሉ ሰው አይደለም?»

«የምን ሰው! ዕቃ ነው እንጂ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። መሪጌታ ፈንታሁን ዕቃውን ሰው አድርጎ ተርጉሞታል። ይወቀው አይወቀው እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ተመልሼ አዳራሹ ውስጥ «ዕቃ ነው» ብል ግን ማን ያምነኛል? ማስረጃ ያስፈልገኛል።

«እኔ ዕቃም አልወከልኩም። እንዴት ነው የሚነቁበት?»

«ኧረ ብዙ ነው ዘዴው። የታወቁት የወኪሎቹ አድራሻዎች ተመዝግበው ይያዛሉ፤ ከዚያ ደጅ የመጣ ሁሉ ይጠረጠራል። አንዳንዱ ወኪል ደግሞ ሞኝ ነው፤ የያዘው መልእክት ላይ ‹ከእገሌ ተልኬ ነው› የሚል ምልክት ራሱ ይተዋል። ቅርብ ነኝ ያለው ሰው መልሱ ሲዘገይም ይታወቃል፤ በሌላ በኩል ዞሮ ነው የመጣው ማለት ነው። ደግሞ ያወጣጡታል፤ አድራሻው አንድ አገር፣ ኮምፒውተሩ ሌላ አገር የሚናገር ከሆነ...»

«ያዙት ማለት ነው» አልኳት።

«እንዴት አወቁ?»

«የእኔም ሥራ ይኸው ነበር።»

ኮምፒውተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈትኩላት። የታገደው ገጽ ላይ «እንደገና አጣራ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚነካው። ሦስቱም ካልሠሩ ጉዳዩ ለሰው ይመራል፤ እሱ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል ይላል።

ሰብለ ኮምፒውተሬ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኬ መሆኑን ስትሰማ ስልኬን ተቀበለችኝና ጮኸች። «እትዬ የሺ! ይቺ የቁልፍ ሥዕል ያለባት ምንድን ናት? ቪፒኤን! እርስዎም?»

«የእህቴ ልጅ ናት የጫነችው፤ አንዳንዱ ነገር አልከፈት ባለ ጊዜ። ያልጫነ ሰው አለ እንዴ በከተማው?»

«ይቺው ናት ወኪልዎ! በቃ ተገኘች።» አጠፋቻት። ደስ አለኝ። አፈርኩም፤ እኔማ ካጠፋኋት ወራት አልፈዋል ብዬ ነበር። «እንደገና አጣራ»ን ነካነው። ታግዷል አለ።

ሰብለ ጥፍሯን ነከሰች። «የስልክ ኢንተርኔት ሲሆን ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ይጋራል። ከእርስዎ ጋር የተዳበለ አጭበርባሪ ይኖር ይሆናል። በእኔ መስመር እንሞክረው።» የሱቋን መስመር ሰካችልኝ። ነካነው። ታግዷል።

አንድ ቀረን።

«አሁን አልነካውም» አለች። «በግምት ልጨርስብዎት አልፈልግም።»

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ጥቂት ነው። ስለ ተጠርጣሪ ግን ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህ ራሴን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ አስቀመጥኩ። እኔ ድረ ገጹ ብሆን ይቺን ሴትዮ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ከየት መጣሽ? ከደብረ ማርቆስ። ምን ይዘሽ? ብራና። ቋንቋሽ? አማርኛ። ምኗን ነው የሳተችው?

በዚህ መሃል አንድ የድሮ ባለጉዳይ ትዝ አለኝ። ጉንደ ወይን ኗሪ ነኝ፣ ከአገሬ ወጥቼ አላውቅም የሚል ሰው ነበር። ወረቀቱ ጥርት ያለ ነው። አነጋገሩም የጎጃም ነው። ልፈርምለት እጄን ዘርግቼ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «ከቤት ስንት ሰዓት ተነሣህ?» አልኩት። «ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት» አለኝ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ጉንደ ወይን ውስጥ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ዓመታት ውጭ ኖሮ የተመለሰ፣ የሞተ ወንድሙን ስም ለብሶ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ያጋለጠው ሰዓቱ ነው።

ዐይኔን ወደ ኮምፒውተሩ ጥግ መለስኩ። ሰዓቱ «3:00» ይላል። ልክ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ለምን ልክ ሆነ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ እጄ ሲገባ ጠዋት በሦስት ሰዓት ዘጠኝ ይል ነበር። እኔ በቤቴ በፈረንጅ ሰዓት አልነሣም፣ አልተኛም። ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ገባሁና የከተሞቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ስመርጥ፣ ስመርጥ፣ አንዷ ላይ ስደርስ ሰዓቱ ከግድግዳዬ ሰዓት ጋር ገጠመ። እዚያው ተውኩት። የከተማዋን ስም አንብቤዋለሁ፤ ምን ቸገረኝ?

ነጠላዬን ደርቤ መናኸሪያ ደረስኩ። «ሰብለ፣ ድረ ገጹ የኮምፒውተሬን ሰዓት ያያል?»

«ያያል። በየትኛው አገር ሰዓት እንደተሞላ ያያል። ምነው?»

ከፍቼ ሰጠኋት። ዝቅ ብላ አነበበች። «ቦነስ... አይረስ?» ከዚያ ወንበሯ ላይ ተንከትክታ ወደቀች። «እትዬ የሺ! እግርዎ ደብረ ማርቆስ፣ ሰዓትዎ አርጀንቲና!»

«ሰዓቴ የደብረ ማርቆስ ነው» አልኳት። «አርጀንቲና ያለው ኮምፒውተሩ ነው።»

«አድራሻዎ ኢትዮጵያ ይላል፣ ሰዓትዎ አርጀንቲና ይላል። እነሱ ምን ይበሉ? አርጀንቲና የተቀመጠ ሰው የኢትዮጵያ ወኪል አቁሞ እያንኳኳ ነው አሉ! ሰሞኑን ማጣሪያውን አጥብቀው ይሆናል እንጂ እስካሁንም መቆየትዎ ይገርማል።» ዐይኗን እየጠረገች ሰዓቱን ናይሮቢ ላይ መለሰችው፤ የእኛም የቀጠና ሰዓት እሱ ነው። «3:40» የነበረው «9:40» ሆነ።

ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ አየችኝ። «የመጨረሻዋ ናት። ልንካ?»

«እኔ ልንካው» አልኩ።

ነካሁት። ክቡ ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ የአባቴ ብራና ተከፈተ።

ሰብለ ነገሩን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለድረ ገጹ ኃላፊዎች ጻፈችልኝ። እኔ ቤቴ ገብቼ ዘጠኙን ቅጠል ያዝኩ። አሁን የመጀመሪያውን በደል ልናገር።

የዘጠኙ ቅጠል እጅ የአባቴ አይደለም። የእኔ ነው። አባቴ ያን መጽሐፍ ሊጨርስ ሲል ዐይኑን ሞራ ጋረደው። የተቀበለውን ሥራ መመለስ ሞት ሆነበት። ብዕሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱ በቃሉ ይላል፣ እኔ የእሱን እጅ እያስመሰልኩ እጽፋለሁ። ፈንታሁን ያኔ ጎረቤታችን ያደረ ተማሪ ነበር። ጣቴ ላይ ቀለም አየ። ሄዶ መጽሐፉን ሴት ልጅ እየጻፈችው ነው ብሎ ለካህናቱ ተናገረ። አባቴ ተጠርቶ ሲጠየቅ «እጁ የእኔ ነው» አለ። ዐይኔ እያየ ካደኝ። መጽሐፉ ተረፈ። እኔን ግን ከዚያ በኋላ ብዕር አላስጨበጠኝም፤ ዓመት ሳይሞላ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ አዳራሹ ውስጥ «ወኪል» ስባል ያቃጠለኝ ሐሰትነቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ እውነት ነበር። ወኪሉ እኔ ነበርኩ፤ የተሰወረውም የእኔ ስም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን መስመር ጻፍኩ። ድረ ገጹ በመጨረሻ የሚሞላ ቅጽ አለው። «በመጽሐፉ ላይ የስንት ሰው እጅ ይታያል?» ሁለት ብዬ ሞላሁ። «የመጀመሪያው ጸሐፊ?» የአባቴን ስም ጻፍኩ። «ሁለተኛው?» ሃያ ሰባት ዓመት ምስክር የሌለውን ቃል «አልተረጋገጠም» እያልኩ መልሻለሁ። «ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩና አስረከብኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሽ ተሰበሰብን። መሪጌታ ፈንታሁን ስለ ዘጠኙ ቅጠል ሊናገር ሲጀምር «ረቡዕ መልእክት አንብበውልን ነበር» አልኩት። «ዛሬም መጥቷል። ያንብቡልን እንጂ።»

«እሱ እንኳ ለሁሉም የሚነበብ...»

«ያኛው ተነቧል» አሉ ቄስ ላቀው። «ይኼም ይነበብ።»

አነበበ። ድምፁ ከረቡዕ ያንስ ነበር። የወይዘሮ የሺወርቅ መታገድ ስህተት ነው፤ ፕሮክሲ አልተጠቀመችም፤ የኮምፒውተሯ ሰዓት በአገሯ አቆጣጠር በመሞላቱ ማጣሪያው ተሳስቷል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል።

«ፕሮክሲ የተባለው ሰው ነው ዕቃ?» አልኩት።

«ያው... መሣሪያ ነው።»

«መሪጌታ፣ ሰው ላይ ወኪል የሚል ቃል ከመለጠፍዎ በፊት የራስዎን ስም ይስሙት። ፈንታሁን። በማን ፈንታ ነው የቆሙት?»

ቄስ ላቀው ጭናቸውን መቱ። «ዘረፈች! ቅኔ ቤት ሳትገባ ዘረፈች!» እንደ ረቡዕ ሳቁ። በዚያች ቀን ሳቁ ወደ እኔ ወገን ነበር።

ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ከወደዳችሁ ውሰዱት። ያ ማጣሪያ አልበደለኝም። እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ ያደረግሁት እሱ ያደረገውን ነው፤ ሁለት ቃል አስተያየሁ፣ ያልገጠመውን ያዝኩ። አሁን ግን አንዳንዴ ተቀምጬ አስባለሁ፤ ከመለስኳቸው ሰዎች መሃል ስንቱ ይሆን ሰዓቱን በራሱ መንገድ የሞላ እንጂ የዋሸ ያልሆነ? ማሽኑ ሦስት ዕድል ሰጥቶኛል። እኔ ለባለጉዳይ ከአንድ በላይ ሰጥቼ አላውቅም። ይህን መጻፍ አይጥመኝም፤ ግን እውነት ነው። ማሽኑ ደግሞ ሲሳሳት ይቅርታ ጠየቀ። መሪጌታ ፈንታሁን እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።

ግንቦት ላይ ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ ቤቴ መጣ። የእሱም መግቢያ ታግዷል። በአንድ ሰዓት ውስጥ በእሱ ስም ከደብረ ማርቆስም ከጉንደ ወይንም ይገባል ተብሎ ነው። ጉንደ ወይን ሁለት ሰዎች እያነበቡለት ስሙን እንደሚያሰፍር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ያንቺን የፈታው የሰዓቱ ነገር ነው» አለኝ። «አንቺን ያምኑሻል። ‹የእሱም ኮምፒውተር ሰዓት እንደ እኔው የተሞላ ነው፣ ስህተቱ የሰዓት ነው› ብለሽ ጻፊልኝ።»

ሊያባብለኝም ፈለገ መሰለኝ። «ያኔም እኮ እጅሽን አውቀዋለሁ፣ የሺ። አባትሽ ዋሽተው ነው እንጂ ያ ዘጠኝ ቅጠል ያንቺ ነበር። ከእሳቸውም ይበልጥ ነበር።»

«ይህን ጽፈው ይፈርሙልኛል?» አልኩት።

«ምን ችግር አለው!» ፈረመ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሰዓቱን አየሁ። ናይሮቢ ይላል። ልክ ነበር። ለድረ ገጹ የመሪጌታ ፈንታሁንን ኮምፒውተር አይቻለሁ፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ የሰዓት ስህተት የለበትም ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የአባቴን መጽሐፍ ገጽ ከፈትኩ፤ የፈረመውን ወረቀት ፎቶ አያያዝኩ፤ ከሁለተኛው ጸሐፊ አንጻር «ያልታወቀ» የሚለውን አጥፍቼ የሺወርቅ ብዬ ጻፍኩ።